ስውሩ ሸለቆ፦ ከግሸን እስከ ሲኒማ

በአዊ ምድር፣ ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ፣ ኮረብታና ዛፍ የከበበው ጥልቅ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ሥፍራ ስለ ስውር አገር ያስባል፤ ሲኒማም ይህንኑ የሰው ልጅ ምኞት በሰፊው ተጠቅሞበታል። ፍራንክ ካፕራ ከጄምስ ሂልተን ልብ ወለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1937 ያቀረበው «የጠፋው አድማስ» የተሰኘው ፊልም፣ ሻንግሪላ የተባለች የሰላምና የረጅም ዕድሜ መኖሪያ በቲቤት ተራሮች መካከል ተሰውራ እንደምትገኝ ያሳያል።

ይሁንና ሲኒማ ከመፈጠሩ አስቀድሞ የስውሩ ሸለቆ ሐሳብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥፍራ ተሰጥቶት ነበር። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከዘንገና ብዙ የማይርቀውን የግሽ ዓባይን ምንጭ የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1759ም «ራሴላስ» የተሰኘውን ድርሰቱን አሳተመ። በድርሰቱ ውስጥ የሐበሻው ልዑል በአማራ ምድር፣ በተራራ በታጠረና ሐይቅ ባለበት ሸለቆ፣ የብረት በር ተዘግቶበት በተድላ ይኖራል። ከዚህ ሥዕል በስተጀርባ ያለው የአምባ ግሸን ታሪክ ነው፤ በዚያ አምባ ነገሥታቱ ዙፋናቸውን የሚሻሙ ወንድ ዘመዶቻቸውን ያግዙ ነበር።

የፊልሙ ባለታሪክ ወደ ስውሩ አገር ለመመለስ ይታገላል፤ ራሴላስ ግን ተራራውን ሰርስሮ ያመልጣል። ከውጭ ለሚመኘው ገነት የመሰለው ሥፍራ፣ ውስጡ ለተዘጋበት ሰው ግዞት ነው። ስለዚህ ስለ ስውር ከተማ ፊልም የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ ነው።