ጦቢያ (ልብ ወለድ ታሪክ)፣ ሮም፣ 1900 ዓ.ም.

የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ አማርኛ በሚያስተምሩበት ዘመን ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ማለትም በደራሲ ምናብ የተፈጠረ የስድ ንባብ ትረካ፣ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ታሪኩ የሚፈጸመው ክርስቲያኖች ክርስትናን ካልተቀበሉ ጎረቤቶቻቸው ጋር በሚዋጉበት፣ ዓመቱ በውል ባልተጠቀሰ ጥንታዊ ዘመን ነው። ዋሕድ በባሪያ ፈንጋዮች፣ ማለትም ሰው አፍነው በሚሸጡ ሰዎች፣ እጅ ሲወድቅ መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች፤ የጠላት ንጉሥ ዘመድ የሆነች ወይዘሮም ወንድ መስላት ስትወዳት፣ ለደኅንነቷ የለበሰችው ልብስ ራሱ አዲስ አደጋ ይሆንባታል። ምሥጢሩ ሲገለጥ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። በዚያ ዘመን የጀብዱውን ሸክም ለሴት ልጅ መስጠቱ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ነው።