ሥጋ ደዌ የመሰለው ቁንጭር፦ የአንድ ጥገኛ ተሕዋስና የኢንዛይሞቹ ታሪክ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሠፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተቋቁሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚያው ግቢ በ1965 አለርት፣ በ1970 ደግሞ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመሠረቱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ግቢው በሥጋ ደዌ ይታወቅ እንጂ ከሌላ በሽታ ታሪክ ጋርም የተሳሰረ ነው። እርሱም ቁንጭር ነው።

በ1960 ባልዘር፣ ዴስቶምብ፣ ሻለርና ሴሪዬ በኢትዮጵያ ያዩትን ሥጋ ደዌ መሰል የቆዳ ሌሽማንያሲስ በፈረንሳይኛ ጽፈው አሳተሙ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ፊቱ፣ ጆሮውና እጅ እግሩ በማይቆስሉ እብጠቶች ይሸፈናል። ሲታይ ሥጋ ደዌ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንደ ሥጋ ደዌ ነርቭ አይወፍርም፣ የቆዳ ስሜትም አይጠፋም። ከቆዳው በተወሰደው ናሙና ውስጥም የሚገኘው ዘንግ መሰሉ ባክቴሪያ ሳይሆን ማክሮፋጆችን የሞላ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። ሥጋ ደዌ አለበት የተባለ ሰው ከቤተ ዘመዱ በሚገለልበት ዘመን እንዲህ ያለው የምርመራ ስሕተት ቀላል አልነበረም። ሕመምተኛው የማያድነውን መድኃኒት እየዋጠ የማይገባውን መገለል ይሸከማል።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ጥገኛው የትኛው ሌሽማንያ ነው የሚል ነበር። በ1969 ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በደጋው የአገራችን ክፍል ስላለው የበሽታው ሥርጭት ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። አሽፎርድ በ1970 ሽኮኮ የጥገኛው ማደሪያ መሆኑን አመለከተ። በ1973 ብሬይና አሽፎርድ ከሌሎች ጋር ሆነው ጥገኛውን ሌሽማንያ ኤትዮፒካ ብለው ሰየሙት። ሆኖም የሌሽማንያ ዝርያዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቅርጻቸው ተመሳሳይ ስለሆነ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም።

ይህንን ችግር ካቃለሉት ዘዴዎች አንዱ የኢንዛይም ምርመራ ነው። ጥገኛው በቤተ ሙከራ ተራብቶ ይፈጨል፤ ኢንዛይሞቹ በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጓዙ ይደረጋል። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም እንደየዝርያው የሚጓዘው ርቀት ስለሚለያይ፣ በቀለም ሲገለጥ የዝርያው መለያ ይሆናል። በ2004 የታተመ ጥናት በአዋሽ ሸለቆ ከተያዙ የአሸዋ ዝንቦች ሌሽማንያ ኤትዮፒካንና ሌሽማንያ ትሮፒካን ለይቶ ያሳወቀው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ኢንዛይሞች ግን ለመለያ ብቻ አልተፈጠሩም፤ የጥገኛው ሕይወት በእያንዳንዱ ደረጃ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በአሸዋ ዝንቧ ሆድ ውስጥ ካይቲኔዝ በተባለው ኢንዛይም የተመጠጠውን ደም የከበበውን ሽፋን ቀድዶ ይወጣል። ወደ ሰው ቆዳ ሲገባ በገላው ላይ ያለው ጂፒ 63 የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የኮምፕሊመንትን ጥቃት ያከሽፍለታል፤ በማክሮፋጅ እንዲዋጥም ያመቻችለታል። በማክሮፋጁ ውስጥ ከሚገጥመው የኦክስጅን መርዝ የሚጠብቀው ደግሞ በትራይፓኖታይዮን ሪዳክቴዝ የሚመራው ሥርዓት ነው። ይህ ኢንዛይም በሰው ሕዋስ ውስጥ የለም፤ የአንቲሞኒ መድኃኒቶች ጥገኛውን ከሚጎዱባቸው መንገዶች አንዱም ይህንኑ ሥርዓት ማወክ ነው።

አንዱ ጥገኛ በአብዛኛው ሰው ላይ በጊዜ ብዛት በራሱ የሚድን ቁስል ሲያስከትል በጥቂቶች ላይ መላ ገላን የሚወርሰው ስለ ምንድን ነው? በ1980ዎቹ አኩፎ፣ ብሪተንና ባልደረቦቻቸው በአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት የሁለቱን ዓይነት ሕሙማን ሊምፎሳይቶች በማነጻጸር መልስ ፈለጉ። በ2012 ደግሞ ታምራት አበበ፣ አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ቁስል ውስጥ የአርጂኔዝ ሥራ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ማክሮፋጅ ጥገኛውን የሚገድለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ከአርጂኒን ነው። አርጂኔዝ ያንኑ አርጂኒን ሲያፈርሰው ግን መሣሪያው ያንሳል፤ ጥገኛው የሚራባባቸው ፖሊአሚኖች የሚሠሩበትም መንገድ ይከፈታል። ስለዚህ የሕመምተኛው የራሱ ኢንዛይም ለጥገኛው አጋዥ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ከቁንጭር አካባቢ የመጣ፣ ፊቱና ጆሮው ያበጠ ሕመምተኛ ሲቀርብ የቆዳውን ስሜትና ነርቮቹን መፈተሽ፣ ከቆዳው የሚወሰደውንም ናሙና በዚል ኔልሰን ብቻ ሳይሆን በጂምሳም ቀልሞ ማየት ያስፈልጋል። የሁለተኛው ስላይድ ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚያስቀረው ስሕተት ግን የአንድን ሰው ዕድሜ ሙሉ ሊከተል የሚችል ነው።