የወሎ ቡና

የወሎ ቡና በደሴ፣ በኮምቦልቻና በቦሩ ሜዳ አካባቢ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው፣ በምርቃት የሚታጀብ የቤት ውስጥ መስተንግዶ ነው። ቡና በክርስቲያኑ ዘንድ ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ተብሎ ይራቅ ነበር፤ በሰፊው የተለመደው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ዛሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ቡና የሚጠጡበት ቦሩ ሜዳ ራሱ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበትና የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ የወጣበት ስፍራ ነው።

ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ቀርቦ ዕጣን ይጨሳል። ታጥቦ በብረት ምጣድ የተቆላው ቡና ጢሱ ሳይጠፋ ለእንግዶቹ እንዲያሸቱት ይዞራል፤ ከዚያም በሙቀጫ ተወቅጦ በጀበና ይፈላል። በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቁርሱ በደጋው ብዙውን ጊዜ የገብስ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ዳቦ ነው። በዕድሜ የገፉት ሲመርቁ፣ በሙስሊሙ ቤት ዱዓ ሲያደርጉ፣ ታዳሚው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። በረካ ሳይደርስ መነሣት አይወደድም።

የቡናው ትልቅ ፋይዳ ከሥጋ አበላል ልማድ ጋር ሲታይ ይገለጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ በሰርግና በድግስ ደጋሹ ለሌላው እምነት ተከታዮች ከብት ለይቶ ያቀርባል፤ ከራሳቸው ወገን የሆነ ሰው ያርደዋል፣ ድስቱና ወጥ ሠሪዋም ይለያሉ። ቡናው ግን ለሁሉም ከአንድ ጀበና ይቀዳል። ሐዘን ሲገባም ቡናውን አፍልቶ፣ ቁርሱን ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው።