የፕሮቪንስታውን ተዋንያን

የፕሮቪንስታውን ተዋንያን የአሜሪካውያንን አዳዲስ ተውኔቶች ለመድረክ ለማብቃት በ1915 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተ ትንሽ የቴአትር ቡድን ነበር። ስሙን ያገኘው በማሳቹሴትስ ግዛት ከምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ዋና ጠንሳሾቹ ጆርጅ ክራም ኩክና ባለቤቱ ሱዛን ግላስፔል ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አጫጭር ተውኔቶች ያሳዩት በወዳጆቻቸው ቤት ሲሆን፣ ወዲያው ባሕሩ ላይ የተሠራ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ጠርገው መድረክ አደረጉት። በጁላይ 1916 የጸሐፌ ተውኔት ዩጂን ኦኒል ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያ ነው። ተውኔቱ መርከብ ላይ ስለሚሞት መርከበኛ ነውና፣ ከወለሉ ሥር የሚሰማው የማዕበል ድምፅ አንድ ሳንቲም ያልወጣበት ማጀቢያ ሆነለት።

ቡድኑ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው ኦኒልን በማስገኘቱ ነው። ይህ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይጋርዳል፤ የቡድኑ ፋይዳ ያለቀለት ደራሲ ፈልጎ በማግኘቱ ሳይሆን ደራሲን ከመድረክ ጋር ባገናኘበት አሠራሩ ላይ ነው። በ1916 መገባደጃ ኒው ዮርክ፣ ማክዱጋል ጎዳና ላይ የከፈቱትን ቤት በኦኒል ሐሳብ «የጸሐፌ ተውኔት ቴአትር» ብለው ሰየሙት። በደንባቸው መሠረት ደራሲው የገዛ ተውኔቱን ዝግጅት ይመራ ነበር። ተመልካቹም አባል ሆኖ አስቀድሞ ስለሚከፍል፣ አንድ ሥራ ገበያ አልቀናውም ተብሎ ከመድረክ አይወርድም ነበር። የዚህን አሠራር ውጤት ከማንም በላይ የምታሳየው ግላስፔል ናት። ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች፤ ኩክ ግን ገና ያልጻፈችውን ተውኔት እንደሚታይ አስቀድሞ አስታወቀባት። የአሮጌው ዓሣ መጋዘን ባዶ መድረክ ፊት ቁጭ ብላ ስታፈጥ፣ በጋዜጠኝነት ዘመኗ የዘገበችው የአዮዋ የግድያ ጉዳይና አንድ ኩሽና ታወሷት። «ትናንሽ ነገሮች» የተሰኘው ባለ አንድ ገቢር ተውኔት የተወለደው ከዚያ ነው።

ኦኒል ያለ ቡድኑም መታወቁ አይቀርም ነበር የሚል ሙግት ይነሣል። አባቱ ዝነኛ ተዋናይ ነበር፤ እሱም ሃርቫርድ የተውኔት አጻጻፍ ተምሮ፣ የተውኔት መድበል አሳትሞ ነበር የመጣው። ለእሱ ሙግቱ ያስኬድ ይሆናል፤ መድረኩ ባይጠራት ተውኔት ለመጻፍ ላልተነሣችው ግላስፔል ግን አይሠራም። እሷም በ1931 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች። ቡድኑ ካሳያቸው መቶ ገደማ ተውኔቶች አብዛኞቹ ተረስተዋል የሚለው ሌላው ወቀሳ እውነት ነው። ነገር ግን የሚያሸንፈውን አስቀድሞ ለይቶ ማሳየት የንግድ ቴአትሮች መናኸሪያ የሆነው የብሮድዌይ ሥራ ነበር፤ ይህ ቡድን የቆመው ደራሲው ተመልካች ፊት እንዲሳሳት ነው።

ቡድኑን ያፈረሰውም ኪሳራ ሳይሆን ስኬት ነበር። በ1920 ኩክ ካዝናው ውስጥ የነበረውን አብዛኛውን ገንዘብ አውጥቶ፣ የኦኒልን «ንጉሠ ነገሥት ጆንስ» ለማሳየት ከመድረኩ ጀርባ የብርሃን ጉልላት አስገነባ። በጥቁር አሜሪካዊው ቻርልስ ጊልፒን መሪ ተዋናይነት የታየው ሥራ ብሮድዌይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አባላት ዓይናቸውን ወደዚያው ጣሉ። በ1922 ቡድኑ ሥራውን አቋረጠ፤ ኩክና ግላስፔልም ወደ ግሪክ ሄዱ። በጃንዋሪ 1924 ኦኒልና ሁለት ባልደረቦቹ የቡድኑን ቴአትር ቤት በአዲስ አስተዳደር ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሳዩት የስዊድናዊውን የስትሪንድበርግን ተውኔት ነበር። ኩክ በዚያው ወር ዴልፊ ላይ ዐረፈ።