ሹረት፦ የ«ስፒን» አማርኛ አቻ

ሹረት «ስፒን» ለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል እዚህ የቀረበ አቻ ነው። «ስፒን» ዛሬ በብዛት የሚያገለግለው አንድ ነገር በራሱ ዛቢያ ላይ በፍጥነት መዞሩን ለመግለጽ ነው፤ ጥንታዊ ፍቹ ግን መፍተል ነው።

ፈታይ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቱን በሌላው እጇ መዳፍ ጭኗ ላይ አንከባልላ ስትለቀው እንዝርቱ ይሾራል፤ ጥጡም እየተሳበና እየከረረ ክር ይሆናል። ጥጡ ይፈተላል፣ እንዝርቱ ይሾራል፤ አማርኛ ለሁለቱ ሁለት ግሥ አለው። እንግሊዝኛ የጥጡን ግሥ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፍጥነት ለሚዞር ነገር ሁሉ አዋለው። ከፈትል ወገን የቀሩ ዘመዶችም አሉት፦ የሸረሪት የእንግሊዝኛ ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ «ስፒንስተር» ደግሞ ቀድሞ ፈታይ ሴት ማለት ነበር፣ በኋላ ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ።

ሹረት ከሾረ የሚወጣው ዙረት ከዞረ በወጣበት መንገድ ነው። መዞር ሰፊ ነው፤ ሰፈር የሚዞር ሰውም ይዞራል። መሽከርከርም በመንገድ የሚሄደውን ጎማ ይጨምራል፤ «ተሽከርካሪ» የተባለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። መሾር ግን በራስ ዙሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ምድር ፀሐይን በ365 ቀን ገደማ መዞሯ ዙረት፣ ሌሊትና ቀን የሚፈራረቁበት የ24 ሰዓቱ እንቅስቃሴዋ ሹረት ቢባል ሁለቱ አይምታቱም። የቴኒስ ኳስ እየሾረች ስትበር መንገዷን የምታጠፈውም በሹረቷ ምክንያት ነው።

በፖለቲካ «ስፒን» ማለት ዜናን ለራስ ወገን እንዲያደላ አድርጎ ማቅረብ ነው። በዚህ የተካኑ አማካሪዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ «ስፒን ዶክተር» ተብለዋል። እዚህ ላይ ሹረት አይሠራም፤ ነገር መጠምዘዝ የሚለው የተለመደ አነጋገር ይበቃል።

በጣም ጥንቃቄ የሚሻው የፊዚክሱ ፍች ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሽተርንና ጌርላክ በፍራንክፈርት የብር አተሞችን ጨረር ወጥ ባልሆነ የማግኔት መስክ ውስጥ ሲያሳልፉ ጨረሩ ለሁለት ተከፈለ። በ1925 ኡለንቤክና ሃውድስሚት ኤሌክትሮን ትሾራለች የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ኋላ ላይ የሽተርንና የጌርላክ ውጤትም በዚሁ ተብራራ። ሆኖም ኤሌክትሮን በእርግጥ የምትሾር ትንሽ ኳስ ብትሆን ኖሮ፣ የሚለካውን ያህል ሹረት እንዲኖራት ገጿ ከብርሃን በላይ መፍጠን ነበረበት። ስለዚህ ሹረት እንደ መጠነ ቁሷና እንደ ኤሌክትሪክ ሙሏ አብሯት ያለ ባሕርይ ነው፤ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲለካ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይሆናል እንጂ መካከለኛ የለውም። የሃይድሮጅን ኒውክለስም ይህ ባሕርይ አለው፤ የሐኪም ቤቱ ኤም አር አይ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው በእርሱ ነው።

በፊዚክስ መጽሐፍ «ሹረት» ሲጻፍ እንግዲህ የእንዝርቱን እንቅስቃሴ ስም እንጂ እንቅስቃሴውን አይወስድም። ይህ በመጀመሪያው ገጽ ከተነገረው ተማሪው ቃሉን ያለ ስጋት ይጠቀምበታል።