በቴሌግራም ለሚቀርቡ ጥያቄዎች በቦት ምላሽ መስጠት፦ አሠራሩና ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ

አነስተኛ የንግድ ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ከደንበኞቻቸው ወይም ከአባሎቻቸው ለሚቀርቡላቸው ተደጋጋሚ ጥያቄዎች በቴሌግራም ምላሽ ይሰጣሉ። ስለ ዋጋ፣ ስለ ምዝገባ ጊዜና ስለ ሥራ ሰዓት የሚነሱ ጥያቄዎችን በነፃ ከሚገኝ ላይብረሪ በተሠራ ፕሮግራም በራስ-ሰር ማስተናገድ ይቻላል።

ቦትና ላይብረሪ ምንድን ናቸው?

ቦት በሰው ምትክ መልእክት ተቀብሎ ምላሽ የሚሰጥ ፕሮግራም የሚያንቀሳቅሰው አካውንት ነው። ቴሌግራም ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ላይብረሪ ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈ የኮድ ስብስብ ሲሆን፣ ባለሙያው ሁሉንም ነገር ከመነሻው እንዳይጽፍ ያግዛል። ለምሳሌ «ፓይተን ቴሌግራም ቦት» የተሰኘው ላይብረሪ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ይሁን እንጂ ነፃ የሚሆነው ላይብረሪው ብቻ ነው፤ የሰርቨር ኪራይ፣ የኢንተርኔትና የባለሙያ ክፍያ ወጪ ሊኖር ይችላል።

በቦትና በግል አካውንት መካከል ያለው ልዩነት

ቦት አስቀድሞ ላላነጋገረው ሰው መልእክት መላክ አይችልም። በቡድን ውስጥም፣ የተለየ ፈቃድ ካልተሰጠው በስተቀር፣ በዋናነት የሚያነበው ለእርሱ የተላኩ ትዕዛዞችን ነው። በአንጻሩ የግል አካውንትን ከፕሮግራም ጋር የሚያገናኙ ላይብረሪዎች አሉ። በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ የባለቤቱን መልእክቶች ማንበብና በስሙ መጻፍ ይችላል። ያልተፈለገ መልእክት በጅምላ የሚልክ አካውንት ሊታገድም ይችላል። በመሆኑም ለሕዝብ አገልግሎት የሚመረጠው ቦት ነው።

ቦት የሚከፈትበት ቅደም ተከተል

1. በቴሌግራም «ቦትፋዘር» የተባለውንና የማረጋገጫ ምልክት ያለውን አካውንት መፈለግ፤
2. አዲስ ቦት እንዲከፈት ማዘዝና ስም መስጠት፤ መጠሪያው በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሆኖ «ቦት» በሚለው ቃል ማለቅ ይኖርበታል፤
3. የሚሰጠውን ቶክን፣ ማለትም የቦቱን ምስጢራዊ ቁልፍ፣ በጥንቃቄ መያዝ፤
4. ባለሙያው ቶክኑን ከላይብረሪው ጋር አገናኝቶ ምላሾቹን እንዲያዘጋጅ ማድረግ።

የባለቤትነት ጉዳይ

የቦቱ ባለቤት የከፈተው አካውንት ነው። ባለሙያው በራሱ ስልክ ከከፈተው፣ ውሉ ሲቋረጥ ድርጅቱ ደንበኞቹ የለመዱትን ቦት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቦቱን የድርጅቱ ኃላፊ ወይም ድርጅቱ የወከለው ሰው በሚቆጣጠረው አካውንት መክፈት ይገባል። በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ቦት ካለ፣ ባለቤቱ በቦትፋዘር በኩል ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ለዚህም የአስተላላፊው አካውንት ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ቶክን በሌላ ሰው እጅ ከገባ በቦትፋዘር አማካይነት መሻር ይቻላል፤ የቀድሞውም ወዲያውኑ መሥራቱን ያቆማል።

የግል መረጃ ጥበቃ

ለቦት የሚላክ መልእክት ቦቱን ለሚያንቀሳቅሰው አካል ይደርሳል። ስለሆነም የባንክ ምስጢር ቁጥርና ለአገልግሎቱ የማያስፈልግ የግል መረጃ በቦት ሊጠየቅ አይገባም። የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማክበር ይኖርበታል። ያለ ፈቃድ የሌላውን አካውንት መድረስ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሊያስጠይቅ ይችላል።

ተጠቃሚዎች ሊገነዘቡት የሚገባ

ቴሌግራም የሚልከው የመግቢያ ኮድ ለማንም ቦት ወይም ግለሰብ ሊሰጥ አይገባም። ኮዱን አሳልፎ የሰጠ ሰው በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመልክቶ የማያውቀውን ማቋረጥ፣ ቀጥሎም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ይኖርበታል።