በቡና ለቀማ ወቅት የኪራይ ቤቶችንና የሠራተኛ ማደሪያዎችን ከመጨናነቅ ስለመጠበቅ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በበበቃ ዙሪያ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከሌሎች አካባቢዎች በርካታ ወቅታዊ ሠራተኞች ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ለብዙ ለቃሚዎች ማደሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ መረጃ አከራዮች፣ ተከራዮችና አሠሪዎች ቤቱ ሊይዝ የሚችለውን የሰው ቁጥር ከወቅቱ አስቀድመው እንዲወስኑ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

መጨናነቅ እንዴት ይለካል?

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም (ዩኤን ሀቢታት) አንድ መኖሪያ ቤት በአንድ ክፍል ከ3 ሰው በላይ ሲኖርበት የተጨናነቀ ነው ይላል። የሠራተኞች የጋራ ማደሪያን በተመለከተ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 115 ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ አልጋ፣ ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ ማደሪያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና በቂ አየር እንዲኖር ይመክራል። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት መመሪያ ደግሞ የሚከተሉትን ልኬቶች ይጠቅሳል፦

- ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ወለል፤
- በአንድ ክፍል ከ2 እስከ 8 ሰው፤
- በአልጋዎች መካከል 1 ሜትር ርቀት፤
- ቢበዛ ለ15 ሰው አንድ መጸዳጃ።

እነዚህ ልኬቶች የአሠራር መመዘኛዎች እንጂ በራሳቸው አስገዳጅ ሕግ አይደሉም። ሆኖም አከራይም ሆነ አሠሪ ቁጥር ሲወስን አስተማማኝ መነሻ ይሆኑታል።

የሰው ቁጥር እንዴት ይሰላል?

ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ካሬ ሜትር ነው። የቡና ጆንያ፣ የለቀማ ቅርጫትና የማብሰያ ዕቃ 6 ካሬ ሜትር የሚይዝ ከሆነ ለመኝታ የሚቀረው 24 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ሲታሰብ ክፍሉ ከ6 ሰው በላይ መያዝ የለበትም፤ 5.5 ካሬ ሜትር ሲታሰብ ደግሞ ከ4 ሰው በላይ አይይዝም። አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተኛ አንድ አልጋ በፈረቃ መጠቀም ቁጥሩን የቀነሰ ቢመስልም ችግሩን አያስቀርም።

ቁጥሩ ሲያልፍ የሚያስከትለው ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ መጨናነቅን መከላከልና መቀነስ እንደሚገባ በጥብቅ አሳስቧል። የሳንባ ነቀርሳ በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል በቀላሉ ይዛመታል። አካባቢው የወባ ተጋላጭነት ያለበት በመሆኑም አጎበር የሚዘረጋበት ቦታ ያጣ ሰው ያለ መከላከያ ያድራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ለሕይወት አስጊ የሚሆነው በዝናብ ወይም በብርድ ሌሊት በር ተዘግቶ ከሰል ማንደድ ነው። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስላለው ተኝተው ያሉ ሰዎችን ሳያነቃ ሊገድል ይችላል።

አከራይና ተከራይ ምን ማድረግ አለባቸው?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በከተማቸው ስለሚተገበርበት ሁኔታ ባለጉዳዮች የከተማውን አስተዳደር አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል። ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ፦

1. በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ከፍተኛ ቁጥር በግልጽ ይጻፍ፤
2. ተከራዩ ለሌላ ሰው አሳልፎ ማከራየት ይችል እንደሆነ ይገለጽ፤
3. የመጸዳጃና የውኃ አጠቃቀም ይወሰን፤
4. ቁጥሩ ቢያልፍ ለማስተካከል የሚሰጠው ጊዜ ይወሰን።

ተጨማሪ ክፍል ለመሥራት ወይም መኖሪያ ቤትን ወደ ጋራ ማደሪያ ለመለወጥ የሚፈልግ ባለይዞታ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የከተማውን የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

የቡና እርሻ አሠሪዎች ኃላፊነት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። በእርሻው ውስጥ ማደሪያ የሚያቀርብ አሠሪም ይህን ግዴታ ከማደሪያው ጋር አያይዞ ሊያየው ይገባል። ስለዚህ ስንት ለቃሚ እንደሚቀጥር ከመወሰኑ በፊት ስንት አልጋ እንዳለው ይቁጠር። አልጋው ካነሰ ሠራተኞችን ተራ በተራ ማስገባት ወይም ሌላ ማደሪያ ማዘጋጀት ይቻላል።

ቤቱ አስቀድሞ ተጨናንቆ ከተገኘ

መፍትሔው ሰዎችን በሌሊት ማስወጣት አይደለም። አስቀድሞ በክፍሉ ውስጥ ከሰል ማንደድ ይቁም፤ በርና መስኮት እንዳይከፈት የሚከለክል ዕቃ ይነሣ፤ ጆንያ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ቀጥሎም ለትርፉ ሰው ሌላ ማደሪያ ተፈልጎ በስምምነት እንዲዛወር ይደረግ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

አቤቱታ ያለው ሠራተኛ ጉዳዩን በሚሠራበት ወረዳ ወይም ከተማ ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። የኪራይ ውልን የሚመለከት ጥያቄ ለከተማው አስተዳደር ይቀርባል። አመልካቹ የውሉን ቅጂ፣ የክፍሉን ስፋትና በክፍሉ የሚያድሩትን ሰዎች ቁጥር ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩን በፍጥነት ለማየት ያግዛል።